በሃምሳ ሴኮንድ የወረድኩት ቁልቁለት

በቀበሌያችን መዝገብ ቤት በሚገኝ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት መሠረት፣ ከጎፋ ወደ መካኒሳ የሚወርደውን ቁልቁለት በኩሽኔታ ጋሪ በሃምሳ ሴኮንድ የጨረሰው ሻምፒዮን እኔ ነኝ። ወረቀት አይዋሽም ይባላል። እኔ ግን ጋሪው ላይ ስለነበርኩ ትንሽ የምጨምረው አለኝ።

ነገሩ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ፣ ሥራዬ ገጣሚነት ነበር። ገጣሚ ያደረገኝ ማንም የለም፤ ራሴን በራሴ ሾምኩ። ማትሪክ ወድቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእኛ ሰፈር ቤት የተቀመጠ ወንድ ልጅ ወይ ጫት ይቅማል ወይ ግጥም ይጽፋል፤ ለጫት መግዣ ስላልነበረኝ ጥበብ መረጠችኝ። ግጥሞቼ ሁሉ ስለ ጀግኖች ነበሩ። አንበሳ የሌለበት ስንኝ አልጽፍም። አንበሳ አይቼ የማውቀው ግን አውቶቡስ ጎን ላይ ተስሎ ነው።

እናቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ እየሠራች ብቻዋን ታስተዳድረኛለች። ማታ ስትገባ ነጠላዋን እያጠፈች አንድ ቃል ብቻ ትጠይቀኛለች፤ «ዛሬስ?» ሥራ አገኘህ ወይ ማለቷ ነው። እኔም ግጥሙ ሊያልቅ አንድ ስንኝ እንደቀረው እነግራታለሁ። ትስቅ ነበር መጀመሪያ። በሁለተኛው ዓመት ሳቁን ተወችው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ የፈረንጅ ወጣቶች ሕይወታቸውን ለአደጋ አጋልጠው ከተራራ ሲንሸራተቱና ዋንጫ ሲሸለሙ አየ። ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም ሥዕሉ ገባው። ወጣቱን ሰብስቦ፣ ፈረንጅ ካለው እኛ ምን ጎደለን ብሎ ጠየቀ። ብዙ ነገር ጎድሎን ነበር፤ ቁልቁለት ግን አልጎደለንም። እዚያው ስብሰባ ላይ «የአደገኛ ስፖርት የቁልቁለት ሻምፒዮና» ተመሠረተ። አደገኛው ስፖርት የሰፈሩ ልጆች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲጫወቱትና ሲገረፉበት የኖሩት የኩሽኔታ ጋሪ ነው። ኩሽኔታ ከአሮጌ መኪና እግር የሚወጣ ክብ ብረት ሲሆን፣ አራቱን ከሳንቃ ሥር ትሰካለህ፣ ሳንቃው ላይ ትቀመጣለህ፣ የቀረውን ለፈጣሪ ትተዋለህ።

ዋንጫ አልተገኘም። በዋንጫው ፋንታ የመካኒሳው ባለ ጋራዥ ጋሽ ጌታሁን አንድ ቃል ሰጡ፤ ያሸነፈውን ልጅ ከእሑዱ ውድድር ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ጋራዣቸው አስገብተው በደመወዝ መካኒክነት ሊያስተምሩት። የሚፈራ ልጅ መኪና ሥር አይተኛልኝም፣ ደፋሩን አምጡልኝ አሉ። ሰኞ ለምን አልሆነም ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሰኞ ጋራዡ የሚዘጋው ጋሽ ጌታሁን እሑድን በደንብ ስለሚያከብሩ ነው።

ዘጠኝ ሰው ተመዘገበ። ስምንቱ ጋሪ ነድተው ያውቃሉ።

ከስምንቱ አንዱ ማቴዎስ ነው። ቤተሰቦቹ ከሶዶ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ አባቱ በቀን ሥራ፣ እሱም በቀን ሥራ፣ ከእሱ በታች አራት ታናናሾች። የሰፈሩን ጋሪ ሁሉ የሚሠራው እሱ ነው፤ የእኔንም በሁለት ቀን ሠርቶ ሰጥቶኛል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሥራ ባጣ ቁጥር የጋሽ ጌታሁን ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ሞተር ሲፈታ ያያል፤ ዘበኛው ስሙን እስኪያውቀው ድረስ። ያቺ ቦታ ለእኔ «ዛሬስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነበረች። ማቴዎስ ግን ከእሷ ሌላ የሚፈልገው ነገር አልነበረውም። ልጆቹ ጸልዮ ነው የሚወርደው እያሉ ሲቀልዱበት፣ «እናንተም ሞክሩት፣ ነፃ ነው» ይላቸዋል።

እሑድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ የውይይት ታክሲዎች ሾፌሮች ተሳደቡ፣ ሻምፒዮናው ተከፈተ። ቁልቁለቱ መሐሉ ላይ ኩርባ ስላለው ከላይ ያለው የታቹን አያይም፣ ታች ያለውም የላዩን። ስለዚህ ከላይ የቀበሌው ጸሐፊ የእያንዳንዱን መነሻ በእጅ ሰዓቱ ይመዘግባል፤ ታች ድልድዩ አጠገብ ካለው ሱቅ በረንዳ ላይ ጋሽ ዘለቀ መድረሻውን ይመዘግባሉ። ከዚያ ይቀናነሳል። ዘመናዊ አሠራር ነው።

ጋሽ ዘለቀ ጡረታ የወጡ የመጋዘን ጸሐፊ ናቸው። በሰፈሩ የሚታወቁት በሰዓታቸው ነው። ጠዋት ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ሲታዩ የቀበሌው ጸሐፊ ሰዓት በአንድ ደቂቃ ቀድሞ ተገኘ። ጋሽ ዘለቀ የእኔ ከሬዲዮ ጋር ነው የሚሄደው፣ ያንተን አስተካክል አሉ። ጸሐፊው የኔ የመንግሥት ሰዓት ነው አለ። መንግሥት አሸነፈ። ሽማግሌው እያጉረመረሙ ሰዓታቸውን አንድ ደቂቃ ወደፊት ገፉ፤ ፊታቸው ግን ሃይማኖትህን ለውጥ የተባለ ሰው ፊት ነበር።

እኔ አራተኛ ነበርኩ። ከላይ ሆኜ ቁልቁሉን ሳየው አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ እናቴ በሚገባ ነው ያሳደገችኝ። ሰው ሳያስቀድሙ ማለፍ ነውር ነው። አምስተኛውን አንተ ቅደም አልኩት። ስድስተኛውንም ኧረ በሞቴ ብዬ አስቀደምኩት። ማቴዎስ ተራው ሲደርስ ለመንኩት፤ ከማናችንም በላይ ትሁት የሆነው ማቴዎስ ግን የዚያን ቀን አንድም ጊዜ «ግዴለም አንተ» አላለም። ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ጠፋ። በሃምሳ ስምንት ሴኮንድ ወረደ። ከእሱ በፊትም በኋላም ከወረዱት ሰባት ልጆች ከስልሳ አምስት በታች የገባ የለም።

በመጨረሻ የማስቀድመው ሰው አለቀብኝ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጸሐፊው ምሳው ቀዝቅዞበት ስለነበር ከኋላዬ ገፋ አደረገኝ።

አሁን የወረድኩትን ልንገራችሁ። ያደረግኩት በረባሶ ነበር፤ ከመኪና ጎማ የተሠራ ጫማ ስለሆነ አስፋልት ሲነካ ይነክሳል። እኔም ገና ከመነሻው ሁለቱንም እግሬን አስፋልቱ ላይ ተክዬ አላነሳኋቸውም። የተቃጠለ ጎማ ሽታ ከበበኝ። ኩሽኔታው ሲያፏጭ ስምንቱ ሲወርዱ የሰማሁት ዓይነት ፉጨት አልነበረም፤ የታመመ በግ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ ጭራሽ ቆምኩና በእጄ መግፋት ነበረብኝ። ኩርባው ጋ ስደርስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ከመካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸው። እሳቸው ሽቅብ እኔ ቁልቁል፤ ፍጥነታችን ግን ተቀራራቢ ነበር።

«እንዴት ዋልክ ልጄ? እናትህ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እትዬ?»

«ተመስገን። ቆም በል እንጂ፣ አንድ መልእክት አለኝ ለእናትህ።»

«ውድድር ላይ ነኝ እትዬ።»

«እህ፣ እንግዲያ በርታ» አሉኝና አለፉ።

ከኩርባው በታች መንገዱ ሜዳ ስለሚሆን ሁሉም ጋሪ ድልድዩ ጋ የሚደርሰው እየተንፏቀቀ ነው፤ ታች ያለው ተመልካች የእኔን አመጣጥ ከሌላው ለይቶ አላየውም። ጋሽ ዘለቀ ሰዓታቸውን አይተው ጻፉ። ከበረንዳው ላይ ሬዲዮው ዜና ጀምሯል። እኔ በሕይወት ስለነበርኩ ሌላው ግድ አልሰጠኝም።

ጸሐፊው መዝገቡን ይዞ ወረደ። ሁለቱ ወረቀት ለወረቀት አጋጥመው ሲቀናንሱ ሕዝቡ ከበባቸው። ጸሐፊው የኔ ስም ጋ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። እንደገና ቀነሰ። ጋሽ ዘለቀም በራሳቸው ቀነሱ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ተቀብሎ አንደኛ የወጣውን ሲያነብ ስሜን ሰማሁ፤ በሃምሳ ሴኮንድ።

ውሸት ነው ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ውሸት ነው ማለት አይመችም፤ አንሥተውኝ ነበር። እትዬ ዘነበች ሰምተው ተመልሰው መጡና፣ ይኼ ልጅ እኮ ቆሞ ሰላም ብሎኛል ብለው መሰከሩ። ሰላምታውን በፍጥነት ሰጥቶዎት ይሆናል ተባሉ። ሊቀመንበሩም እዚያው የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቱን በማኅተም መታው። ድምፁ ቧ አለ። በዚያች ቧ እኔ ሻምፒዮን ሆንኩ።

ግርግሩ ሲቀንስ ማቴዎስ አጠገቤ መጥቶ ቁጢጥ አለ። የበረባሶዬን ሶል በጣቱ ዳሰሰው። ገና ትኩስ ነበር፣ ግማሹም አልቋል።

«ፍሬን ይዘህ ነው ያሸነፍከኝ?» አለኝ።

«ስልት ነው» አልኩት።

ትንሽ አየኝ። «እሺ። እንኳን ደስ ያለህ» አለና ጋሪውን ብብቱ ሥር አድርጎ ሽቅብ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ያን ቀን «ዛሬስ?» አላለችኝም። ከጎረቤት ሰምታ ነበር። ማክሰኞ ሥራ እንደምጀምር ስነግራት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ተቀምጬ ስለ ራሴ ግጥም ጻፍኩ፤ በውስጡ ንስር አለ፣ መብረቅ አለ፣ እትዬ ዘነበች የሉም። ስጨርስ ራሴን አሳምኜ ነበር። ፍርሃት ጊዜን ያስረዝማል፤ እኔ ፈርቼ ስለነበር ነው እንጂ በእርግጥም ፈጥኜ ወርጄ ይሆናል አልኩ። ማትሪክ የወደቅኩት በፊዚክስ ነው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ዘለቀን ላመሰግን ወደ ድልድዩ ወረድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ሬዲዮው ተከፍቷል። ስለ ሻምፒዮናው እያወራኋቸው ድንገት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙኝ። የሰባት ሰዓት ምልክት ነው። ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ሽማግሌው የሰዓታቸውን ቁልፍ በጥፍራቸው ይዘው፣ እንደ ጸሎት ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ መጨረሻው ጢጥ ሲል መልሰው ጫኑት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ ጋሽ ዘለቀ?»

«ሃያ ሰባት ዓመት። አንድ ቀን አላጓደልኩም።»

«ትናንትም?»

«ትናንትማ ይብስ እንጂ! ያ ጸሐፊ አንድ ደቂቃ አበላሽቶብኝ አልነበር? ጠዋቱን ሙሉ ምልክቱን ስጠብቅ ነው የዋልኩት። ወዲያው ወደ ቦታዋ መለስኳት።»

እኔ ያኔ ቁልቁለቱ ላይ ነበርኩ። ምናልባትም ስለ እናቴ ጤንነት እየመለስኩ። የተነሣሁት በመንግሥት ሰዓት፣ የደረስኩት በሬዲዮ ሰዓት ነው፤ መሐል ላይ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተሰጥቶኛል። የወረድኩት በሃምሳ ሴኮንድ ሳይሆን በአንድ ደቂቃ ከሃምሳ ነው። ከዘጠኝ ሰው ዘጠነኛ።

ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። ጋሽ ዘለቀ አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ተሳስተሃል አሉኝ። እሳቸው እንደሚሉት እኔ ስደርስ ሰዓታቸው ትክክል ነበረች፤ የስምንቱ ልጆች መድረሻ ነው በተበላሸ ሰዓት የተመዘገበው። እንዲያውም ከሁሉም ትክክለኛው ውጤት ያንተ ነው፣ ማንም እንዳይነካብህ ብለው መከሩኝ። ለሃያ ሰባት ዓመት ካልተሳሳተ ሰው ጋር መከራከር አይቻልም።

ወደ ሊቀመንበሩ ሄድኩ። ምሳ በልቶ ጥርሱን እየጎረጎረ ነበር። ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ሞኝ አይደለም። ግን ማኅተም ከተመታ በኋላ አንድ ደቂቃ ቀርቶ አንድ ዓመትም ቢሳሳት ስህተት እንዳልሆነ፣ ውጤቱ ከተሰረዘ ሻምፒዮናው ሊሰረዝ፣ ሻምፒዮናው ከተሰረዘ ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት ሊሰረዝ እንደሚገባ ዘረዘረልኝ። «ደግሞ ተጠቃሚው አንተ ሆነህ አቤቱታው ምንድን ነው?» አለኝ። ሕሊናዬን በቀበሌ ደረጃ አቤት አሰኝቼ፣ ይግባኙ ተቀባይነት አጥቶ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀለል ብሎኝ ነበር። የሚቻለኝን አድርጌአለሁ አልኩ። ይህች ቃል ስንቱን ሰው እንቅልፍ ያስተኛች ናት።

ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቴን ይዤ ጋራዥ ገባሁ። ጋሽ ጌታሁን ቦርጫቸው ቱታውን የወጠረ፣ ድምፃቸው ከሞተር በላይ የሚሰማ ሰው ናቸው። ሠራተኞቹን ሁሉ ጠሩ። «ኑ እዩት፣ በሃምሳ ሴኮንድ የወረደው ይኼ ነው!» አምስት ስድስት መካኒኮች እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ከበቡኝ። ከእነሱ ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው አጎንብሶ መኪና ያጥባል። ዘበኛው አዝኖለት ለዚያ ቀን ብቻ አጠባ ያስገባው ማቴዎስ ነበር። ቀና አላለም።

«እስቲ ንገረን» አሉ ጋሽ ጌታሁን፣ «ያቺን ኩርባ እንዴት አለፍካት? እኔ በልጅነቴ በሷ ክንዴን ሰብሬአለሁ።»

አፌን ከፈትኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ልዋሽ ነበር የከፈትኩት። ለሁለት ዓመት ስለ አንበሳና ስለ ንስር ስዋሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ሰዎቹ ሥራ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው እጄ ላይ ነው፤ እንዴት ያዝክ፣ በየት ዞርክ፣ ነው የሚጠብቁት። ንስር በየት በኩል እንደሚዞር አላውቅም። ፈለግኩ፣ አንድም ውሸት አልመጣልኝም። የማውቀው የሆነውን ብቻ ነበር።

«ኩርባው ጋ እትዬ ዘነበችን አገኘሁ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። አንተ ቅደም እያልኩ ሰው መለመኔን ነገርኳቸው። በረባሶውን፣ ሽታውን፣ የታመመውን በግ፣ በእጄ መግፋቴን። ለእናቴ የተላከውን መልእክት ሳልቀበል ማለፌን። ጋሽ ዘለቀን፣ ጢጧን፣ ማኅተሙን። አንዱ መካኒክ ስቆ ስቆ መኪና ላይ ተደገፈ። ጋሽ ጌታሁን እንባቸውን ግራሶ በነካው እጃቸው ጠርገው ፊታቸውን አጠቆሩት። ሁለት ዓመት ግጥም ሳነብ ሰው እስከ መጨረሻው ሰምቶኝ አያውቅም ነበር።

ሳቁ ሲያበቃ ጋሽ ጌታሁን ወረቀቱን አዩት። «እንግዲያ አንደኛው ማነው?» አሉ። በጣቴ አሳየኋቸው።

ማቴዎስ ጨርቁ ከእጁ ውኃ እያንጠባጠበ ቆመ።

«አንተስ እንዴት አለፍካት?»

«ከኩርባው በፊት ነው ጋሼ የሚታለፈው» አለ ቀስ ብሎ። «የውስጠኛውን ኩሽኔታ ግራሶ አልቀባሁትም፣ የውጪውን ቀብቼዋለሁ። ትንሽ ሲጎተት ራሱ ያዞረኛል።»

ማንም አልሳቀም። መካኒኮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ጋሽ ጌታሁን «ጨርቁን አስቀምጥ» አሉት።

እኔን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው እስከ በሩ ሸኙኝ። ሁለት ሰው መቅጠር እንደማይችሉ፣ ወሬ ሲያምረኝ ግን ብቅ እንድል ነገሩኝ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ እውነት ነፃ ታወጣለች የሚል ትምህርት የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ፤ እኔን ነፃ ያወጣችኝ ከሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ቤት ተቀምጫለሁ። ማቴዎስም አቅፎ አላመሰገነኝም፤ የሚያመሰግንበት ምክንያት የለውም፤ የራሱን ነው የመለስኩለት፣ ያውም በሁለት ቀን ዘግይቼ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። ስለ ንስር የጻፍኩትን አውጥቼ ሳነበው አፈርኩ፤ ኩርባው የሌለበት ቁልቁለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስጽፍ ጋሽ ጌታሁን ፊት ለፊቴ ቆመው «እንዴት አለፍካት?» ሲሉኝ ይሰማኛል፤ ካላወቅኩት አልጽፈውም። በዚህ ምክንያት ሥራዎቼ እጅግ ጥቂት ናቸው። እናንተም ስለ ድላችሁ ስትተርኩ ከመሐላችሁ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መኖሩን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ካለ ግን አደራ፣ እውነቱን ንገሩት፣ ሌላ ምርጫ የላችሁም።

ያን ዕለት ከጋራዡ ወጥቼ ወደ ቤት ለመግባት ድፍረት እስካገኝ ስዞር ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ስገባ እናቴ ፈቃድ ጠይቃ ቀድማኝ ገብታለች። አልጋው ላይ ተቀምጣ መርፌ ይዛለች፤ ጉልበቷ ላይ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ተዘርግቷል። ለእኔ እየሰፋችው ነበር፤ እግሩን መቀምቀም ብቻ ቀርቷታል።

እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ ሁሉንም ነገርኳት። ለእሷ ስነግራት አያስቅም ነበር። ሰዓቱን ነገርኳት፣ ማኅተሙን ነገርኳት፣ ቦታውን ማን እንዳገኘው ነገርኳት። መርፌዋን አላቆመችም። ስጨርስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቱታውን አንሥታ አየችው።

«ይኼ ልጅ» አለች፣ «ቁመቱ ካንተ ይበልጣል?»

እጄን ከራሴ በላይ አንድ ስንዝር ያህል አድርጌ አሳየኋት።

መቀሷን አነሣችና የቀመቀመችውን መተርተር ጀመረች።